አራት ደቂቃ በአባ ሳሙኤል

ከፎቶ ቤታችን ጓዳ ባሕር አለ፣ በዘይት ቀለም የተሳለ፤
ነጭ የመብራት ማማ ከዳር ቆሞ፣ ሞገዱ እግሩ ሥር እንደተንጠለጠለ።
ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ አራስ ልጁን ያቀፈ፣
ፊቱ ቆሞ፣ ፈገግ ብሎ፣ ጫማው ሳይርስ አለፈ።

እኔ ግን የሚንቀሳቀስ ውሃ አማረኝ። ባሕሩ ሩቅ፣ ኪሴ አጭር፤
ባጃጅ የሚያደርሰኝ እስከ አባ ሳሙኤል ነው፣ እስከ ግድቡ አጥር።
ከተማው ፊቱን የታጠበበት፣ ቆዳ የነከረበት፣ ልብስ ያቀለመበት፣
በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወርዶ
የሚያርፈው እዚህ ነው፤ አረፋ ለብሶ፣ እምቦጭ ደርቦበት።

ፀሐይ በፉሪ በኩል ዝቅ ስትል፣ የካሜራዬን ሦስት እግር ጭቃ ላይ ተከልኩ፤
ከበያጁ ከሸምሱ የተዋስኩትን ጥቁር መስታወት
በፕላስተር ሌንሱ ላይ ለጠፍኩ።
እሱ እሳት ያይበታል፤
እኔ ደግሞ ጊዜ ላይበት።

ቁልፉን ተጫንኩ። አንድ። ሁለት።
የተከፈተ ዓይን ነው ካሜራው፤ አይጨፍን፣ አይቸኩል፣
የቆመለትን ይጽፋል፤ የሚያልፈውን እንደ ስኳር ያሟሟል።

ሠላሳ ስድስት። አንዲት ሴት ከዳር ጎንበስ ብላ ጎመን ታጥባለች፤
ታራግፋለች፣ እስሩን ትቆጥራለች፣ ልጇን በክርኗ ከውሃው ትመልሳለች፤
"ፎቶ ነው?" አለችኝ ቀና ሳትል፤
አፌን ሳልከፍት ሌላ እስር አነሣች።

ዘጠና። በግድቡ አናት አይሱዙ አሸዋ ጭኖ ከነፈ፤
ከሾፌሩም ከጭነቱም፣ አውቃለሁ፣ ቀይ ክር ብቻ ተረፈ።

መቶ ሃያ። አባ ኮዳ ትከሻውን ሰብስቦ፣ እንደ ዕዳ ጠያቂ ቆሟል፤
እሱስ አይጠፋም ከፎቶው፤ ትዕግሥትን ከሥጋ ቤት ደጃፍ ተምሯል።

መቶ ሃምሳ ላይ ድምፅ መጣ፦ "ክልክል ነው! አቁም!"
ኦቦ ቡልቲ፣ የግድቡ ዘብ፣ ካፖርቱ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ፣
አንድ እጁን ሽቅብ አንሥቶ፣
በሌላው የባትሪውን መብራት ዓይኔ ላይ አብርቶ።
"እባክዎ አይንቀሳቀሱ፣" አልኩ፣ "ቆጠራዬ ይበላሻል፤"
ምን እንዳሰበ እንጃ፤ ዕድሜውን ሰው ሲያስቆም የኖረ ሰው፣
ቁም ሲሉት ቆሟል።
እጁ እንደተሰቀለ፣ መብራቱ እንደበራ፣
እኔ በአማርኛ፣ እሱ በኦሮምኛ፣ በሹክሹክታ
ቆጠርነው የቀረውን በጋራ።

ሁለት መቶ አርባ። ቀጭ።

አረፋው ጉም ሆኗል፤ እምቦጩ ከፋይ፤ ግድቡ ከደመና የወጣ ደሴት፤
ከዳር አንድ ማማ ቆሟል፣ ረጅም፣ ጫፉ ላይ ብርሃን ያለበት።
የከለከለኝ እጅ ነው፤
አሁን ግን መርከብ የሚጠራ ይመስላል፣
መርከቡም፣ ከጉሙ ጀርባ፣ ሊመጣ ትንሽ የቀረው ይመስላል።

ፎቶ ቤት አሳየሁ። አለቃዬ ዘርጋው መነጽሩን ወልውሎ፣
"የት ባሕር ነው?" አለኝ፤ መልሴን አልጠበቀም፤
"የጓዳው ይውረድ፣ ይሄ ለሙሽሮች ይሰቀል፣" ብሎ።

እሑድ አሳትሜ ለባለ ማማው ወሰድኩለት።
አገላበጠው። ወደ አፍንጫው አስጠጋው፤
"ሃያ ሁለት ዓመት አሽትቼዋለሁ፣" አለ፣ "የኛን ውሃ በምን አጠብከው?"
ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ጣቱ በወረቀቱ ጠርዝ ዞረች፣
ባዶው ጭቃ ላይ ስትደርስ ቆመች።
"አስካለስ?" አለኝ። "እዚህ ጋ ነበረች።"

"ተንቀሳቀሰች፣" አልኩት። "የሚንቀሳቀስ አይወጣም።"

ቀና ብሎ አየኝ፤ ቁጣም አልነበረበት፤
የታጠበውን ጎመን እንደሚቆጥር ሰው፣ በቀስታ፣ በተራ፣
"ስታጥብ፣" አለ፣ "ልጇን ስትመልስ…
ስትሠራ ነበራ።"